ልጅ እያሳደጉ፣ ሥራ እየሠሩ በመንፈስ ማደግ ይቻላል?

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው ይህን ጥያቄ የለጠፍኩት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። ትንሿ ልጄ አተኩሷት ስትነጫነጭ አምሽታ ገና መተኛቷ ነበር። ስልኬን አንስቼ በሆዴ ያለውን እንዳለ ጻፍኩት።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት በሆነው ግቢ ጉባኤ ውስጥ ነበርኩ። እዘምር ነበር። ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ከዶርም አልወጣም። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ነበር የምጾመው። አሁን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከኮንዶሚኒየም ሰፈራችን ሥራ ቦታዬ ለመድረስ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ማታ ስገባ እራት፣ የልጅ ጥናት፣ የነገ ልብስ ይጠብቀኛል። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ጀምሬ መሀል ላይ እንቅልፍ የሚጥለኝ ቀን ብዙ ነው። ቅዳሴ ብሄድም ግማሹን ልጅ አቅፌ ደጅ ነው የማሳልፈው።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ በጸጋና በእውቀት እደጉ ይላል። ይህን የጻፈው ለመነኮሳት ብቻ አይደለም። ታዲያ እንደ እኔ ያለ ሰው የሚያድገው መቼ ነው? ወይስ የነበረውን እንዳይጥል ብቻ እየታገለ ነው የሚኖረው? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ 27 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው ውይይት፣ ረዝሟል፤ መሀል ላይም ጠብ ገብቶበታል። ዘግይቶ ለሚደርስ ሰው እንዲመች እያንዳንዱን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ።

መልስ 1 የሦስት ልጆች እናት ነች። መፍትሔ የላትም። እሷም እንደዚሁ እንደሆነች፣ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግራ እንደማታውቅ ብቻ ጻፈች። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ።

መልስ 2 ሥርዓቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወንድም ነው። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በትሕትና ዘረዘረልኝ። ነግህ፣ የጠዋቱ፣ አለ። 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት የወረደበት ነው። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። ከዚያ ሠርክ (የምሽቱ)፣ ንዋም (የመኝታው) እና መንፈቀ ሌሊት (የእኩለ ሌሊቱ) ይከተላሉ። ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ያለው መዝሙር 119 ላይ እንደሆነ ጠቀሰና በስልኬ ላይ ሰባት ማንቂያ እንድሞላ መከረኝ።

መልስ 3 አረመው። በእኛ ዳዊት ቁጥሩ 118 ነው። ልዩነቱ የመጣው የእኛ አቆጣጠር 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው፤ ቃሉ ያው ነው። ለጥቆም የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ሰባቱንም ካላደረስሽ ተብላ አትጠየቅም፣ ከሰባቱ አንዱን በደንብ ትያዝ ሲል አከለ። ጨዋ እርማት ነበር። መልስ 2ም ወዲያው አመሰገነው።

መልስ 4 ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። በቀን 12 ሰዓት መኪና ውስጥ ነው። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ሰዓቱ በወሬ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ዳዊት ይዞ ወጣና በሰልፉ ላይ አንድ ንጉሥ ደገመ። ለማያውቅ ሰው፣ 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር አለው። እሱ ከአንድ በላይ አልጨመረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን አንድ ብቻ። አሁን ብዙውን በቃሉ ይዞታል። እሱ ግን አድጌ ይሆን እንዴ ያለው በዚህ አይደለም። ከፊቱ የሚገባበትን ሹፌር መስደብ ትቷል። ይህንንም ያየችው ሚስቱ ናት፤ እሱ ልብ አላለውም ነበር።

ይህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ማደግ ማለት የጸሎቱ ብዛት ይመስለኝ ነበር። እሱ የነገረኝ መንገድ ላይ አፉ እንደተለወጠ ነው።

መልስ 5 መኪና ውስጥ ተቀምጦ መድገም ጸሎት ይባላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሥርዓቱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መቆም እንደሆነ አስታወሰ። በመልስ 6 ሹፌሩ ራሱ መለሰለት። ጠዋት ቤቱ ቆሞ የሚያደርሰው አለው። የመኪናው በዚያ ላይ የተጨመረ እንጂ በዚያ ምትክ የገባ አይደለም።

መልስ 7 የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አመጣ። ትምህርት አልገባ ብሎት ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ያያትን ትል፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። መልስ 8 ግን አንድ ነገር ጨመረ። ታሪኩን ስናወራ ትሏ ላይ እናቆማለን። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነስቶ ወደ መምህሩ ወደ ጌዴዎን ተመልሷል፤ ይቅርታም ጠይቋል። ብቻውን ሲታገል አልቀረም። ይህ ሰው ሌላ ምንም አልጻፈም። ለእኔ ግን ከጠቃሚዎቹ መልሶች አንዱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ።

መልስ 9 ቁጣ ነው። ሁሉም ሰበብ ነው አለ። ሰማዕታት በእስር ቤት፣ በሰንሰለት ታስረው ጸልየዋል። እኔ ግን በእኩለ ሌሊት ይህን ሁሉ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቼ ለጸሎት አጣሁ። ስልክ ላይ የማጠፋውን ሰዓት ቆጥሬ አውቅ እንደሆነም ጠየቀኝ።

አመመኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ስልኩ ራሱ የሚመዘግበውን የአጠቃቀም ሰዓት ከፍቼ አየሁ። የዚያን ቀን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በዚህ በኩል ልክ ነበር፤ እዚያው ክሩ ላይ ብመልስለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላዋ ቀደመችኝ።

መልስ 10 ቱግ ብላ መጣች። የሚያተኩሰውን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አቅፎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። በሰው ትከሻ ላይ ሸክም መጫን ቀላል ነው፣ ጌታም በጣታቸው ስለማይነኩት ሰዎች የተናገረው ይህንኑ ነው አለችው። አነጋገሯ ስለት ነበረው።

እዚህ ጋ የሚባባስ መስሎኝ ነበር። በመልስ 11 ግን ያው የተቆጣው ሰው ተመልሶ መጣና ይቅርታ ጠየቀ። ልጅ የለውም። አባቱን ግን አልጋ ላይ አራት ዓመት አስታሟል። ያኔ እሱ ራሱም ለጸሎት መቆም፣ መጽሐፍ መያዝ አይችልም ነበር። አባቱን ሲያገላብጥ፣ አንሶላ ሲቀይር፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያለ ነበር። ከዚያ ሌላ ጸሎት አልነበረውም። በዚያ ጊዜ እግዚአብሔርን የቀረበውን ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ቀርቦት እንደማያውቅ ጻፈ። የተቆጣውም አሁን ጊዜ ተርፎት ሳለ ያንን መልሶ ስላጣው፣ በራሱ ላይ እንደሆነ ተናገረ።

ከሁሉም መልስ አንጀቴን የበላኝ ይህ ነው። መልስ 10ም ልብ ምልክት አኖረችለት።

መልስ 12 እና 13 ወደ ጾም ምግብ ሄዱ። የጾም ኬክና የጾም በርገር በየካፌው በዝቷል፤ ይህ ጾም ነው ወይስ ምግብ መቀየር ነው የሚል ነገር ተነሳ። ስለ ሱፍ ፍትፍት አሠራርም ጥቂት ተወራ። ቁም ነገሩን ላንሳ። 13ኛዋ በጾም ወራት ለሥጋና ለቅቤ ሳይወጣ የቀረውን ብር በፖስታ አስቀምጣ ለጎረቤቷ ለአንዲት አሮጊት የቤት ኪራይ ማሟያ ትሰጣለች። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተጽፏል። ጌታም በማቴዎስ 6 ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን አከታትሎ ነው ያስተማረው። እሷ ሦስቱን አንድ ላይ ማሰሯን ወደድኩላት።

መልስ 14 የፕሮቴስታንት ወንድም ነው። በአክብሮት ጀመረ። ጠዋት ማንም ሳይነሳ 20 ደቂቃ የጥሞና ጊዜ አለው። አንድ ምዕራፍ ያነባል፤ ከዚያ ቀኑን ሊያደርገው የሚገባውን አንድ ነገር ደብተር ላይ ይጽፋል። ማታ ያንን ማድረጉን ያያል። ይህ ጥሩ ምክር ነበር። መጨረሻ ላይ ግን በቃል የተጠና ጸሎት የከንፈር ነው፣ ጌታም በማቴዎስ 6፥7 አሕዛብ እንደሚያደርጉት በከንቱ አትደጋግሙ ብሏል አለ።

ከዚያ ከ15 እስከ 17 ያለው እንዳይነበብ እመኛለሁ። አንዱ ስለ ፕሮቴስታንቱ ወንድም ቤተ እምነት የማይደገም ነገር ጻፈ። ሌላው ወንድም ስለ እኛ ካህናት መለሰ። የግእዝና የአማርኛ ክርክርም ገባበት። ስለ መንፈሳዊ እድገት በጠየቅኩበት ቦታ ሰዎች እንዲህ ሲሰዳደቡ ሳይ እንባዬ መጣ። ክሩን ልዘጋው እጄን ሰድጄ ነበር።

መልስ 18 አዳነው። ካህን ናቸው፤ ማንነታቸውን አልገለጹም። በመጀመሪያ ለወንድማችን በጥሞና መለሱለት። ጌታ የከለከለው ከንቱውን ነው እንጂ መድገምን አይደለም። እሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደጸለየ ማቴዎስ 26፥44 ላይ ተጽፏል። በእኛ ቁጥር 135ኛው፣ በሌላው 136ኛው መዝሙር ደግሞ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና የሚለውን 26 ጊዜ ይደግማል። ከዚያ ወደ እኛ ወደ ኦርቶዶክሳውያኑ ዞሩ። የዚህ ወንድም ደብተር ሊያስቀናን ይገባል አሉ። ዳዊት ደግመን ዘግተን፣ ያነበብነውን ቃል በዚያው ቀን ካልሠራንበት እሱ የነቀፈው ልክ ይሆናል። የፈሪሳዊውንና የቀራጩንም ታሪክ አነሱ። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙን ቆጠረ፤ ቀራጩ የሚቆጥረው አልነበረውም። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ለእኔ አንድ ጥያቄ ተዉልኝ። የነፍስ አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋቸው መቼ ነው?

መልሱን አውቀዋለሁ። ለልጄ ክርስትና ነው። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

መልስ 19 እዚህ ላይ ቅሬታ አቀረበ። የእሱ የነፍስ አባት የንስሐ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። ለበዓል ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ብቻ ነው የሚያያቸው፤ ያኔም ስለ ነፍሱ አይጠይቁትም። እውነት አለው። የብዙ ሰው ችግር ነው። ግን እኔም ሄጄ አንኳኩቼ አላውቅም፤ ስለዚህ በእኔ በኩል የምወቅሰው ካህን የለም።

መልስ 20 የጻፈችው አንዲት ልጅ ናት፤ አያቷ የነገሯትን ነው የጻፈችው። አያቷ ማንበብ አይችሉም። ጥያቄዬን ሲነበብላቸው ሰምተው ይህን ጻፊላት አሏት። ጠዋት ሲነሱ ያማትባሉ። ሊጥ ሲያቦኩ፣ እሳት ሲያነዱ በስመ አብ ይላሉ። ቡና ላይ ሐሜት ሲጀመር፣ ሁለተኛው ሳይደርስም ቢሆን፣ ይነሳሉ። ከሰው ጋር ተቀያይመው ፀሐይ አታልፍባቸውም፤ ከጎረቤት ተጣልተው ካመሹ ሳይታረቁ አይተኙም። ይኸው ነው። 40 ዓመት በአንድ ግቢ ከስድስት ቤተሰብ ጋር ኖረዋል።

ይህ ቃል ገባኝና ወጋኝ። ምክንያቱም እኔ ከእህቴ ጋር ከተነጋገርን ስምንት ወር ሆኖናል። በአባታችን ቤት ጉዳይ ነው የተጣላነው። ጥያቄዬን ስጽፍ ይህን አላነሳሁም። መንፈሳዊ ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር።

መልስ 21 የእማማን ነገር ከአባ መቃርስ ታሪክ ጋር አገናኘው። የበረሃው መነኩሴ ታላቁ መቃርስ ከእሱ ጋር የሚተካከል ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ወደ ከተማ ተላከ፤ ያገኘውም በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ባለትዳር ሴቶችን ነው። የወንድማማቾች ሚስቶች ናቸው። 15 ዓመት አብረው ሲኖሩ አንዲት ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። በረሃ የወረደው አባት ከእነሱ ተምሮ ተመለሰ። መልስ 22 ደግሞ የአባ እንጦንስን ተመሳሳይ ታሪክ ጨመረ፤ አቻው የከተማ ጫማ ሰፊ ነው አለ። መልስ 23 የበረሃ አባቶች ንግግር በተሰበሰበበት በአበው አባባል ውስጥ የሚገኘው ሐኪም እንደሆነ አረመው። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሃ የሚሰጥ፣ በየቀኑም ከመላእክት ጋር ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እያለ የሚያመሰግን ሐኪም። ስለ ጫማ ሰፊውም ይተረካል፤ ሁለቱ ለጥቂት ተከራከሩ። እኔ የሁለቱንም ሥራ ነው ያየሁት። አንዱ በሽተኛ ያያል፣ አንዱ ቆዳ ይሰፋል። ሁለቱም ጠዋት ተነስተው ሥራ ይገባሉ።

መልስ 24 ከሪያድ ነው። ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ክሩን ከላይ ጀምራ አንብባዋለች። ባለችበት አገር ቤተ ክርስቲያን የለም። ማዳም ሳትነሳ ትነሳለች፤ የምትተኛው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የምትጸልየው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የማሽኑ ድምፅ ድምፅዋን ይሸፍንላታል። መጽሐፍ የላትም። ለሰባቱ ቀን ከተከፈለው ውዳሴ ማርያም የሰኞንና የቅዳሜን በቃሏ ይዛ ነው የሄደችው፤ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱን እያፈራረቀች ትደግማለች። ማታ ዕቃ ስታጥብ በየሳህኑ አንድ እግዚኦ ትላለች። እንደ ሥርዓቱ 41 እስኪሞላ። ሳህኑ ካነሰ ማንኪያውን ትቆጥራለች። ከዚያ እኔን አጽናናችኝ። ልጆቼ አጠገቤ ስላሉ እንዳመሰግን ነገረችኝ። የሷ ልጅ ያለችው ከእናቷ ጋር ነው።

መልስ 25 መልስ 10 ራሷ ናት። የሪያዷን እህት፣ ካልከፋሽ የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ፣ ቅዳሴ ላይ አስጠራሻለሁ አለቻት። ላከችላት።

መልስ 26 የእኔ ነው። እስከዚያ ዝም ብዬ ነበር የቆየሁት። ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሥራ መልስ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዝርዝር ይዤ ነበር። የጠዋት ጸሎት፣ ሙሉ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ስግደት። ካህኑ ወረቀቱን አዩትና አጠፉት። መጀመሪያ የጠየቁኝ ከማን ጋር እንደተቀያየምኩ ነው። እኔ ሳልነግራቸው። ስለ እህቴ ነገርኳቸው። ከዝርዝሩ ያስቀሩልኝ አቡነ ዘበሰማያት፣ እመቤታችንን የምናመሰግንበት በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልና አንድ መዝሙር ነው። አንድ ንጉሥ ሳይሆን አንድ መዝሙር። ማታ ደግሞ ከልጆቼ ጋር ድምፃችንን አውጥተን እንድንጸልይ። ረቡዕና ዓርብ ስልኬን ከእራት በኋላ እንዳልነካ። ለአንድ ዓመት ከዚህ ምንም እንዳልጨምር፣ መጨመር ብፈልግ መጥቼ እንድጠይቅ። የመልስ 8 ነገር ያኔ ገባኝ። ያሬድም ወደ መምህሩ ነው የተመለሰው።

እህቴ መጀመሪያ ስደውል አላነሳችም። ሁለተኛም አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን አነሳች። ስለ ቤቱ አላወራንም። ስለ እናታችን የደም ግፊት መድኃኒት ነው ያወራነው። ስድስት ደቂቃ። ገና አልታረቅንም፤ ለገና ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ ብያታለሁ።

ጠዋት አሁን 11 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ልጆቹ አንድ ሰዓት ያህል ይተኛሉ። አንዳንድ ቀን ትንሿ ትነቃና ነጠላዬ ውስጥ ትገባለች፤ አቅፌያት እጨርሳለሁ። ይህን ሁሉ በመልስ 26 ጻፍኩ። ለሪያዷ እህታችንም በምን ሰዓት እንደምትጸልይ ጠየቅኳት።

መልስ 27 የእሷ ነው፤ አጭር ናት። ማዳም ሳትነሳ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው።